ኤስባር ካርድ፦ 8 ወር ኪሴ ይዣት ዞሬ ያየሁት

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ሰርጂካል ዋርድ (ቀዶ ህክምና ክፍል) ነርስ ነኝ፣ ዛሬ ሪቪው የማደርግላችሁ ስልክ ወይ ጫማ ሳይሆን ኤስባር የምትባለዋን ካርድ ነው። አብዛኞቻችን ትሬኒንግ ላይ ሰምተናታል፣ ሰርተፍኬቱን ይዘን ወጥተን ረስተናታል፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ፣ ከ8 ወር በፊት ግን አንዷ ባልደረባዬ ፕሪንት አድርጋ ላሚኔት አስደርጋ ሰጠችኝና ከዛ ወዲህ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ከኪሴ ወጥታ አታውቅም ነበር።

ለማታውቋት፣ ስለ ታካሚ ሐኪም ጋ ስንደውል ምን ምን በምን ቅደም ተከተል እንደምንል የምታስታውስ ካርድ ናት፣ አራት ነገር ነች። ሲቹዌሽን፦ አሁን ምን ተፈጠረ። ባክግራውንድ፦ ታካሚዋ ማናት፣ በምን ገባች። አሰስመንት፦ ለኔ ምን መሰለኝ። ሪኮመንዴሽን፦ ምን እንዲደረግ እፈልጋለሁ። መነሻዋ ሆስፒታል አይደለም፣ የአሜሪካ ባህር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ ነው፣ ከዛ እንደ ፈረንጆቹ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኮሎራዶ ያሉ የኬይዘር ፐርማኔንቴ (የአሜሪካ የጤና ድርጅት ነው) ባለሙያዎች ወደ ህክምና አመጧት።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በፊት ሌሊት ዲዩቲ (ተረኛ) ሐኪም ጋ ስደውል እንዴት ነበር የማወራው መሰላችሁ፣ «ዶክተር ይቅርታ ከእንቅልፍ ቀሰቀስኩዎት፣ 7 ቁጥር ያለችው ልጅ ሁኔታዋ ብዙም ደስ አላለኝም፣ ማለቴ ከቻሉ…»። መልሱም «እሺ ፍሉይድ ጨምሪላት፣ ጠዋት አያታለሁ» ነው። ሐኪሙ ላይ ብቻ አልፈርድም፣ እኔ ራሴ ምን አልኩት? ዙሪያ ጥምጥም ዞሬ «ይምጡ» የሚለውን ቃል ዋጥኩት። ያደግንበት አነጋገር ነው፣ ታላቅን ና አይባልም፣ ሐኪምን እንዲህ አድርግ ማለት ደግሞ ድፍረት ይመስለናል።

ካርዷን ይዤ የደወልኩባትን ሌሊት ግን አልረሳትም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ቀን ሆዷ የተከፈተች ሴትዮ፣ እጇን ስይዘው ቀዝቅዟል ላብ ላብ ብሏታል። ስልኩን ከማንሳቴ በፊት ቢፒ (የደም ግፊት) ለካሁ፣ ቻርቱን ፊቴ ዘረጋሁት፣ ከዛ እንዲህ አልኩ፦ «ዶክተር ከሰርጂካል ዋርድ ነው፣ የ7 ቁጥሯ ቢፒ ከ120 በ70 ወደ 90 በ50 ወርዷል፣ ፐልስ (የልብ ምት) 128 ነው። ዛሬ ከሰዓት ላፓሮቶሚ (የሆድ ቀዶ ህክምና) የተሰራላት ናት፣ በ3 ሰዓት ውስጥ ካቴተሯ ላይ የመጣው ሽንት 40 ሚሊ ብቻ ነው፣ ሆዷም እየተነፋ ነው። ውስጥ እየደማች ይመስለኛል። አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፣ እስከዚያ ሁለተኛ ላይን (የደም ስር መስመር) ከፍቼ ደም ክሮስማች (የሚስማማት ደም እንዲዘጋጅ ምርመራ) ልላክ?» አንድ ደቂቃ አልፈጀም። «ላኪ፣ መጣሁ» አለኝ፣ ጫማውን በቅጡ ሳያስር ነው የደረሰው። ተመልሳ ኦአር (ኦፕሬሽን ክፍል) ገባች፣ የሚደማው ታሰረላት፣ በሳምንቱ በእግሯ ወጣች።

ስለዚህ ለኔ የካርዷ ዋጋ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ነው ያለው። የፊተኞቹን ሶስቱን ድሮም በተዘበራረቀ መንገድ ቢሆን እንላቸው ነበር፣ «ይሄ እንዲደረግ እፈልጋለሁ» ማለትን ግን ማንም አላስተማረንም፣ ካርዷ ናት ፈቃድ የሰጠችኝ።

ሌላ ከሷ ጋር አብሮ መሄድ ያለበት ነገር፣ በስልክ የታዘዘውን ጽፎ መልሶ ማንበብ ነው። እኛ ጋ ቁጥር በእንግሊዝኛ ነው የሚታዘዘው፣ ኔትወርኩ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አንዴ ኢንሱሊን «ፊፍቲ» ሰማሁና «ሃምሳ ዩኒት ነው ያሉኝ፣ አምስት ዜሮ?» ሐኪሙን ስላቸው «ኧረ ፊፍቲን! አስራ አምስት፣ አንድ አምስት!» ብለው ጮሁ። ስልኩን ዘግቼ እጄ ሲንቀጠቀጥ ነበር። ከዛ ቀን ወዲህ ትዕዛዙን መልሼ ሳላነብ መድኃኒት አልሰጥም፣ የፈለገው ቢቆጣ።

የማትሆነው ለተራ ርክክብ፣ ማለትም ሺፍት ሲቀየር ታካሚዎችን ለተረኛው ለማስረከብ ነው። ጠዋት 30 ታካሚ በኤስባር ላስረክብ ብትሉ ሰው ቆሞ ይተኛባችኋል። ለዛ አይፓስ የሚባለው የርክክብ ቅደም ተከተል ይሻላል፣ የበሽተኛው ህመም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከፊት ያስቀድማል፣ ተረካቢው ደግሞ የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ይናገራል። እንደ ፈረንጆቹ በ2014 በአይፓስ ላይ የወጣው ጥናት 9 ሆስፒታል ላይ፣ 10,740 አልጋ የያዙ ታካሚዎች ላይ ታይቶ የህክምና ስህተት በ23 በመቶ፣ ማስቀረት ይቻል የነበረ ጉዳት በ30 በመቶ ቀንሷል። በነገራችን ላይ ርክክቡ አልጋው አጠገብ ሲሆን ታካሚዋ ራሷ «ሲስተር ኧረ ያ መድኃኒት ያሳክከኛል ብያቸው ነበር» ትላለች፣ ቻርት ላይ የሌለ ነገር እንዲህ ነው የሚገኘው።

ቅሬታዬ፣ የሰራሁበት አንድ ቦታ ካርዷን ወደ ፎርም ቀይረዋት ነበር፣ ለኦዲት ተብሎ ማታ በአንድ ላይ ይሞላል፣ ስልኩ ላይ ግን ማንም አይላትም። ሁለተኛ፣ ነርሶች ብቻ ሰልጥነው ሐኪሞቹ ካልሰለጠኑ ሲቹዌሽን ላይ እያለሽ ያቋርጡሻል፣ አብሮ መሰልጠን የግድ ነው። አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው፣ ከ5 4 ሰጥቻታለሁ።

ፕሪንት ካደረጋችኋት ላሚኔት አስደርጓት፣ ወረቀቱ በሳኒታይዘር በሁለት ሳምንት ያልቃል። የኔዋን ባለፈው ሳምንት ለአንዲት አዲስ ተመራቂ ሰጠኋት፣ ስልኩን ከማንሳቷ በፊት መድኃኒት ክፍሉ ጥግ ቆማ «አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ» የሚለውን ለብቻዋ ስትለማመድ አየኋት።