ሰው የሚጭን የአልሙኒየም ጀልባ ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ሲያትልና አካባቢው ያላችሁ ወገኖቼ፣ ጀልባ አሠርተን ሰው እያዝናናን እንሥራ የሚል ሐሳብ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ የደረሰብን በእናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ፒዩጀት ሳውንድ ላይ በበጋ ለልደት፣ ለሽርሽር፣ ከአገር ቤት ለመጣ ዘመድ ጀልባ ይፈለጋል። ዕቁብ የደረሰን ጊዜ ብሩን አንድ ላይ አደረግነውና 28 ጫማ የአልሙኒየም ጀልባ አዘዝን። ሠሪው "12 ሰው አስከፍላችሁ ትጭናላችሁ" አለን። ውሉ ላይ የተጻፈው ግን "የ12 ሰው ጀልባ" ብቻ ነው። ልዩነቱ አልታየንም።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለ ጀልባ በክፍያ ከ6 መንገደኛ በላይ ለመጫን በኮስት ጋርድ (በባሕር ጠረፍ ጠባቂው መሥሪያ ቤት) ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ማግኘት አለበት። እስከ 6 ከሆነ ይህ ምርመራ ይቀራል፤ ካፒቴኑ ግን ያኔም ፈቃድ ያስፈልገዋል። 12 ወንበር መግጠም ማንም ይችላል። ለ12 ሰው ማስፈቀድ ግን ሌላ ሥራ ነው። ንድፉ ለኮስት ጋርድ የሚቀርበው ግንባታው ሳይጀመር ነው። የእኛ ንድፍ የትም አልቀረበም። ይህን ያወቅነው ራሳችን ደውለን ስንጠይቅ ነው፤ ያኔ ላሜራው ተቆርጦ ነበር። በኋላ ማስፈቀድ ጨርሶ አይቻልም ማለት አይደለም። ግን የተሸፈነውን መክፈት፣ የተበየደውን መቁረጥ ሊመጣ ይችላል። ወጪው ደግሞ የእናንተ ነው።

ይህን የወረቀት ጣጣ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታዩት። እ.ኤ.አ. በ2004 ባልቲሞር ወደብ ላይ ሌዲ ዲ የተባለች የውሃ ታክሲ በድንገተኛ ነፋስ ተገልብጣ 5 ሰዎች ሞተዋል። የምትጭነው ሰው ብዛት የተወሰነው የአንዱ ሰው ክብደት በአማካይ 140 ፓውንድ ነው ተብሎ ነበር። ከ2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ስሌቱ 185 ፓውንድ ሆኗል። እኛ ልንጭን ያሰብነው እናቶችንና ሕፃናትን ነው። ባሰብኩት ቁጥር እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ ብረቱ ነው። አልሙኒየም ሁሉ አንድ አይደለም። ለጀልባ ሆድ የሚመረጠው 5083 ወይም 5086 የሚባለው ዓይነት ነው፤ የባሕር ውሃ ይችላል፣ ሲበየድም ጥንካሬው ያን ያህል አይወርድም። 6061 የተባለው ደግሞ ሳይበየድ ጠንካራ ነው፤ ብየዳ የነካው ቦታ ላይ ግን ጥንካሬው ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። የላሜራውን ዓይነት የሚያሳየውን የፋብሪካ ወረቀት ስጡን ብለን ሦስት ጊዜ ለመንን። በመጨረሻ ሲመጣ የሆዱ ላሜራ 6061 ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን ላሜራው ሳይቆረጥ ጠይቁ። ላሜራው ላይ ከታተመው ቁጥር ጋር ራሳችሁ አስተያዩት።

ገንዘባችንን የበላው ግን የአከፋፈሉ ነገር ነው። ስንፈርም 30 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ። ክፍያው ከቀን ጋር እንጂ ከሥራው ጋር አልታሠረም። በአራተኛው ወር 70 በመቶ ከፍለን ጨርሰናል፤ ሄደን ስናይ ግማሽ የተበየደ ቀፎ ብቻ ቆሟል። ሞተሮቹ ተገዝተዋል ተብለን ነበር። የሉም።

እናንተ ክፍያውን ከሥራው ጋር እሰሩት። ቀፎው ተበይዶ ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ሞተሩ መጥቶ ሲገጠም ይህን ያህል። ጠቀም ያለ ድርሻ ደግሞ ውሃ ላይ ተሞክሮ እስኪታይ እጃችሁ ላይ ይቆይ። ሞተሩ በስማችሁ ይገዛ፣ የሞተር ቁጥሩም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ከሠሪው ጋር ንክኪ የሌለው የጀልባ መርማሪ ቀጥራችሁ ብየዳውን ቀለም ሳይቀባ አሳዩ። "በክፍያ 12 መንገደኛ እንዲጭን በኮስት ጋርድ የተፈቀደ" የሚለው ውሉ ላይ ቃል በቃል ይግባ። ሠሪው ይህን አልጽፍም ካለ አትፈርሙ።

የእኛ ጉዳይ አሁን ጠበቃ ጋር ስለሆነ የሠሪውን ስም አልጽፍም። ውል ለመፈረም የተቃረባችሁ ካላችሁ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ውሉን አብረን ቁጭ ብለን እናነበዋለን።