ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ እየተመላለስን ያገኘነው የልጆች የጥርስ ማስተካከያ ሕክምና

ልጃችን ሁለተኛ ክፍል ሳለች፣ አፏን ስትገጥም አገጯ ወደ ግራ ዘንበል እንደሚል መጀመሪያ ያስተዋለችው እናቷ ናት። እኔ የአኘካከክ ልማድ ነው ብዬ ብዙም ልብ አላልኩትም ነበር። አንድ ቀን ማታ በእጅ ባትሪ አፏን ስናይ ግን በግራ በኩል ያሉት የላይኛው መንጋጋዎቿ ከታችኞቹ በውጭ በኩል ማረፍ ሲገባቸው ወደ ውስጥ ገብተው ነበር የሚገጥሙት። የ8 ዓመት ልጅ ስለነበረች ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «የወተት ጥርሷ ተለውጦ ይለቅ» ብሎ መከረን። ምክሩን ሳንቀበል አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ፣ የጥርስ አሰላለፍን ብቻ ወደሚያክም ሐኪም ወሰድናት። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኛ ያየነው በሰሜን ሸዋ ለሚገኙ ወላጆች ይጠቅማል በሚል ነው። የክሊኒኩን ስም ያልጠቀስኩት፣ ምስጋናዬም ሆነ ቅሬታዬ በአንድ ቤት ላይ ሳይሆን በሕክምናው አሰጣጥ ላይ እንዲያተኩር ስለፈለግሁ ነው።

ሐኪሙ ምንም መሣሪያ ሳያነሳ በፊት ምላሷን ወደ ኋላ ወደ ትናጋዋ አስጠግታ ቀስ ብላ እንድትገጥም አደረጋት፤ በዚያን ጊዜ አገጯ መሐል ላይ ቀረ፣ ጥርሶቿ ግን ጫፍ ለጫፍ ተጋጠሙ። «አሁን እንደለመድሽው ግጠሚ» ሲላት የታችኛው መንገጭላዋ ዓይናችን እያየ ወደ ግራ ተንሸራተተ። ከዚያ በኋላ የነገረንን ለመረዳት አልተቸገርንም። ችግሩ የጥርስ ሳይሆን የላይኛው መንገጭላ መጥበብ ነው፤ የታችኛው ምቹ መግጠሚያ ፍለጋ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ልጅቱ እያደገች በሄደች ቁጥር ይህ ሽሽት ፊቷን አንድ ወገን አድርጎ ሊያሳድገው ይችላል። ትናጋ መሐል ለመሐል የሚጋጠሙ የሁለት አጥንቶች ሥራ ነው፤ መጋጠሚያው በልጅነት ገና ያልጠነከረ በመሆኑ በመሣሪያ ቀስ በቀስ ሊሰፋ ይችላል፣ በጉርምስና ዘመን ግን እየተያያዘ ሄዶ በኋላ ቀዶ ሕክምና እስከመጠየቅ ይደርሳል። «ጥርሷ ተለውጦ ይለቅ» የሚለው ምክር እኛን ሊጎዳን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካ የኦርቶዶንቲስቶች (የጥርስ አሰላለፍ ሐኪሞች) ማኅበር እያንዳንዱ ልጅ ቢዘገይ በ7 ዓመቱ አንድ ጊዜ እንዲታይ የሚመክረውም፣ በዚያ ዕድሜ የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋዎችና የፊት ጥርሶች ብቅ ማለት ስለሚጀምሩና እንዲህ ያለው ችግር ስለሚለይ ነው።

ራጅ ተነሥታ የአፏ ቅርጽ ከተወሰደ በኋላ ትናጋዋ ላይ የሚያርፍ፣ በቋሚ መንጋጋዎቿ ላይ በቀለበት የሚታሰር ማስፊያ ተሠራላት። መሐሉ ላይ ያለውን ብሎን በትንሽ ቁልፍ በየምሽቱ አንድ ጊዜ የማዞሩ ኃላፊነት የእኔ ሆነ። አንድ ዙር ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ያሰፋል። ልጅቱ እንዳትውጠው ቁልፉን በክር አስረን እንድንይዝ የነገረን ሐኪሙ ነው። ከሁሉ የከበዱት የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ነበሩ፤ ምራቋ ይበዛል፣ ንግግሯ ይተሳሰራል፣ ምግብ ትናጋዋ ላይ ይጣበቃል። የገብስ አገር ልጅን ቆሎ መከልከል ቀላል እንዳልነበረ መደበቅ አልፈልግም፤ በሶ እየበጠበጥንና ሽሮውን ቀጠን እያደረግን ነው ያለፍነው። በሁለተኛው ሳምንት የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቿ መካከል ክፍተት ሲፈጠር እናቷ ደነገጠች፤ ሐኪሙ ግን ይህ አጥንቱ መከፈቱን የሚያሳይ ምልክት እንደሆነና በኋላ ራሱ እንደሚዘጋ አስቀድሞ ነግሮን ስለነበር ድንጋጤው አላደረም። ማዞሩ ካበቃ በኋላ በመካከል አዲስ አጥንት እስኪሞላ ድረስ መሣሪያው ሳይነካ ስድስት ወር አፏ ውስጥ ቆየ። ወላጅ የሚዘናጋው በዚህ ጊዜ ይመስለኛል፤ ለውጥ ስለማይታይ ሥራው ያለቀ ይመስላል፣ ቀድሞ ቢወልቅ ግን የሰፋው መልሶ ይጠባል።

ክሊኒኩን የማደንቅበት ዋናው ነገር ግን ለልጃችን ያደረገው ሳይሆን ለታናሽ ወንድሟ ያላደረገው ነው። እሱም 7 ዓመቱ ነበር፤ የላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ ተራርቀው ስለበቀሉ አንድ ላይ ይታከሙልን ብለን ይዘነው ሄድን። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ አሳይተነው ወዲያው ሽቦ እንዲታሰርለት ተነግሮን ነበር። ይህኛው ሐኪም በጥንቃቄ አይቶት፣ «ይህንን ልጅ አሁን ብነካው ገንዘብዎን ከመውሰድ በቀር የምጠቅመው ነገር የለም» አለኝ። በዚህ ዕድሜ ክራንቻዎቹ ገና ከላይ ሆነው የፊት ጥርሶቹን ሥር ስለሚገፉ ክፍተቱ የተለመደ ነው፤ በ11 ወይም በ12 ዓመቱ ክራንቻዎቹ ሲወርዱ አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋል። የላይኛው የፊት ጥርስ ወደ ውጭ ያገጠጠባቸው ልጆችም ቢሆኑ፣ በጥናት እንደታየው፣ በልጅነት ቢጀምሩ በጉርምስና ከሚጀምሩት የተሻለ የመጨረሻ ውጤት አያገኙም፤ ትርፉ በመውደቅ ምክንያት የፊት ጥርስ የመሰበር አደጋን መቀነሱ ነው። የከፈልነው የምርመራውን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሐኪም ላገኘ ወላጅ 130 ኪሎ ሜትሩ ሩቅ አይደለም።

በዚያው ምርመራ ላይ ልጁ ሕፃን ሳለ ግግ ተቧጥጦ እንደሆነ ጠየቀን። በአካባቢያችን ይህ ነገር ዛሬም ፈጽሞ ስላልቀረ ጥያቄው አልገረመኝም፤ ምክንያቱን ግን አላውቅም ነበር። የሕፃኑ ድድ በስለት ሲነካ ከሥር ያለው የጥርስ ፍሬ ይጎዳል፣ ክራንቻው ሳይበቅል ወይም ተበላሽቶ ሊበቅል ይችላል። ልጆች ያሏችሁ ሁሉ ይህን ለአያቶቻቸው እንድትነግሩልኝ እለምናለሁ።

ቅሬታዬ በሁለት ነገሮች ላይ ነው። በሌሊት ተነሥተን፣ በቻቻና በሰንዳፋ አልፈን ላምበረት መናኸሪያ ደርሰን፣ ለ3 ሰዓት ቀጠሮ እስከ 6 ሰዓት ተኩል የተቀመጥንባቸው ቀናት አሉ፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ልጅ ለብቻው ተራ ቢያዝለት መልካም ነበር። የባሰው ግን የክፍያው ጉዳይ ነው። ዋጋው በቃል ብቻ የተነገረን በመሆኑ፣ ቀለበቱ በሦስተኛው ወር ሲላቀቅ መልሶ ማጣበቂያው፣ በመጨረሻም ማስፊያው ከወጣ በኋላ የሰፋው መልሶ እንዳይጠብ የሚደረገው መያዣ ለየብቻ እንደሚከፈልባቸው ያወቅነው ገንዘብ ቤት ስንደርስ ነው። ቀለበቱ የተላቀቀ ዕለት ደብረ ብርሃን ውስጥ የጠየቅናቸው የሌላ ሐኪም ሥራ አንነካም ስላሉን በማግስቱ አዲስ አበባ መውረድ ግድ ሆነብን። ስለዚህ የሚጀምር ሁሉ ምን ምን እንደተካተተና መሣሪያው ቢላቀቅ ማን እንደሚያየው በጽሑፍ ይጠይቅ። በአንጻሩ፣ መንገዱ አስቸጋሪ በነበረባቸው ሳምንታት የአፏን ፎቶ በቴሌግራም እየተቀበሉ ማዞሩን እንድንቀጥል ወይም እንድናቆም ስለነገሩን አመሰግናቸዋለሁ።

አሁን ልጃችን 10 ዓመቷ ነው፤ በሁለቱም በኩል በትክክል ትገጥማለች፣ አገጯም መሐል ላይ ነው። የታችኛው የፊት ጥርሶቿ ግን አሁንም ስለተጨናነቁ ቋሚ ጥርሶቿ ወጥተው ሲያልቁ ሽቦ ሊያስፈልጋት ይችላል። ይህ ከመጀመሪያው ቀን የተነገረን ስለሆነ እንደ አዲስ ወጪ አልቆጠርነውም። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ወንድሟም ክራንቻዎቹ የት እንደደረሱ ለማየት አብሯት ይሄዳል።