የድንኳን አልጋ ያለው የካምፒንግ ተሳቢ፦ ከመግዛታችሁ በፊት አጥፋችሁ እዩት

ሻጭ ሁሉ አልጋውን ዘርግቶ ነው የሚያሳያችሁ። መቀርቀሪያውን ይፈታል፣ የተሳቢው ጫፍ ግድግዳ ወደ ውጭ ይወርዳል፣ ሸራው ይነሳል፣ እናንተም ፍራሹ ላይ ቁጭ ትሉና «ይኸው፣ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም» ትባላላችሁ። ዋሸ አይባልም። ጉዱ የሚመጣው ከሦስት ሌሊት በኋላ፣ ዝናብ ሲያካፋ ባደረበት ጠዋት፣ ያንኑ ሸራ ወደ ውስጥ መመለስ ሲኖርባችሁ ነው። እዚህ ተሳቢዎቹን የማወዳድራቸውም በአብዛኛው በአስተጣጠፋቸው ነው፤ መዘርጋቱማ ሁሉም ጋ ይቀላል።

ሃይብሪድ የሚባለው ተሳቢ ግድግዳውና ጣሪያው ጠንካራ ሆኖ፣ በፊትና በኋላው፣ አንዳንዱም በጎኑ፣ ወደ ውጭ የሚወርድ በር ያለው ነው። በሩ ሲወርድ የአልጋ ወለል ይሆናል፤ ከላይ ሸራ ይሸፍነዋል። በሰሜን አሜሪካ ሮክዉድ ሩ እና አንዳንድ የጄይ ፌዘር ሞዴሎች፣ በአውስትራሊያ ደግሞ የጄይኮ ኤክስፓንዳ የዚህ ዘር ናቸው። ፖፕ አፕ የሚባለው የድንኳን ተሳቢ ግን ጣሪያው ጭምር ወደ ላይ የሚነሳ፣ ሲታጠፍ ዝቅ ያለ ሣጥን የሚመስል ነው፤ አልጋዎቹ እንደ መሳቢያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሳባሉ። ከሁለቱም ውጭ ሸራ የሚባል ነገር የሌለው፣ አልጋው እንደተነጠፈ የሚጓዝ ባለ ሙሉ ግድግዳ ተሳቢ አለ። እሱን የማነሳው ለማነጻጸሪያ ብቻ ነው። ሸራ ማጠፍ ከተፈጥሮው ጋር የማይሄድለት ሰው ካለ፣ ከዚህ በታች ያለውን ሳያነብ እሱን ይግዛ።

ሲዘረጋ

በሃይብሪዱ ልጀምር። ከምንም በፊት ተሳቢው ውሃ ልኩን መያዝ አለበት። ግራና ቀኙ ከመኪናው ሳይፈታ ጎማው ሥር ጣውላ በማስገባት፣ ፊትና ኋላው ደግሞ ከተፈታ በኋላ በአፍንጫው፣ ማለትም ከመኪናው ጋር በሚያያዘው ጫፍ፣ ባለው ክሪክ ይስተካከላል። ቀጥሎ አራቱ የማዕዘን ክሪኮች ወርደው መሬት ይረግጣሉ። እነዚህ ክሪኮች ሥራቸው መደገፍ ነው፣ ተሳቢውን ማንሳት አይደለም፤ ሻሲው እስኪጣመም ድረስ የሚያጠብቃቸው ሰው ኋላ የአልጋው በር አልገጥም ብሎ ሲያስቸግረው ምክንያቱ አይገባውም። ሳይወርዱ ደግሞ አልጋ ላይ አይወጣም። ተሳቢው በመሃል ጎማው ላይ እንደ ሚዛን የቆመ ስለሆነ፣ ከመኪናው ተፈትቶ ኋላው ሲከብድ አፍንጫው ብድግ ሊል ይችላል።

በሩን ስታወርዱ ልዩነቱ ይጀምራል። አንዳንዱ በሁለት ካቦ ይንጠለጠላል፣ አንዳንዱ ከሥሩ ሻሲው ላይ የሚያርፍ ደጋፊ ብረት አለው። ሁለቱም ይሠራሉ፤ እኔ ግን ካቦውን እመርጣለሁ፣ ብረት ይረሳል፣ ካቦ ራሱ ተወጥሮ ይጠብቃችኋል። ከዚህ የበለጠ ትኩረት የሚፈልገው ሸራውን የሚያቆመው ዘንግ ነው። ጥሩው ዘንግ በሩ ሲወርድ አብሮ የሚነሳው ነው። በሌላው ፍራሹ ላይ በጉልበታችሁ ሄዳችሁ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ፣ ዘንጉን እስኪወጠር መግፋት አለባችሁ። ወገቡን ለሚያመው ሰው ይህች ልዩነት ከፍሪጁ መጠንና ከመብራቱ ብዛት ትበልጣለች። የፊተኛው አልጋ የሚወርደው ከአፍንጫው በላይ ስለሆነ፣ መኪናው ሳይፈታ ማውረድ ይቻል እንደሆነም በእናንተው መኪና፣ የኋላ በሩን ከፍታችሁ ለኩ።

ፖፕ አፑ ጋ ሥራው ይረዝማል። መጀመሪያ ጣሪያው በእጅ በሚዞር ማንሻ ወይም በሞተር ይነሳል፤ አልጋዎቹ ይሳባሉ፤ ደጋፊ ብረቶቹ ከሥር ይገባሉ፤ የሸራው ላስቲኮች በአልጋው ጠርዝ ሥር እየተጎተቱ ይያያዛሉ፤ ከውስጥ ዘንጎቹ ይቆማሉ፤ በመጨረሻ በሩ ይሰቀላል። ሃይብሪዱ ላይ ለአንድ አልጋ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ እዚህ ለሁሉም ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢወስድ አይግረማችሁ። ላስቲኮቹን አጎንብሶ ማያያዝ በጭቃ ላይ ደስ አይልም።

ሲታጠፍ

ሃይብሪዱ በመዘርጋት ያተረፈውን እዚህ በከፊል ይመልሳል። በሩ ከውጭ ወደ ላይ ሲነሳ ሸራው መሃል ላይ ይቀራል፤ ሸራው የት እንዳለ ደግሞ በሩን የያዘው ሰው አያይም። ሁለት ሰው ካለ ነገሩ ቀላል ነው፦ አንዱ ውጭ ሆኖ በሩን በሁለቱም ማዕዘን እኩል ያነሳል፣ ሌላው ውስጥ ሆኖ ሸራውን ወደ ራሱ እየሰበሰበ ያጥፋል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ግን በተጨናነቀ ሻንጣ ላይ ዚፕ እንደሚዘጋ ነው የሚሆነው።

አንድ ጠዋት ብቻዬን ነበርኩ። ጤዛው ገና አልደረቀም፣ ፀሐይዋን ልጠብቅ ብል መንገዱ ረጅም ነው። በሩን በትከሻዬ ገፍቼ አነሳሁት። የመጨረሻዎቹ አሥር ሳንቲሜትር ላይ ከበደኝ፤ የበሩን ዙሪያ የሚያሽገው ጎማ ደረቀ መሰለኝና ጠንከር አድርጌ ገፋሁት፣ መቀርቀሪያውም «ጠቅ» አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስከፍተው በመቀርቀሪያው አጠገብ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ሻጋታ፣ መሃሉ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ጠበቀኝ። ሸራው በበሩና በጎማው መካከል ተቆንጥጦ ነበር። በር ሲከብድ አይገፋም፤ ይወርዳል፣ ይታያል፣ እንደገና ይነሳል።

ብቻውን የሚያጥፍ ሰው ሁለት ዘዴ ይያዝ። የመጀመሪያው የተሳቢውን መግቢያ ወይም አንድ መስኮት ክፍት መተው ነው፤ አለዚያ የታፈነው አየር ሸራውን እንደ ፊኛ ነፍቶ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሁለተኛው ረጅም ላስቲክ ገመድ ነው፦ ሸራውን ከውጭ ወገቡ ላይ ዙሩበት፣ ዘንጉን ስታወርዱ ላስቲኩ ሸራውን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል። ይህች ገመድ አብራ አትሸጥም፣ ከየትም ግዟት።

ፖፕ አፑ እዚህ ላይ ያስገርማል። የሸራው ዙሪያ ረጅም ነው፣ ሥራውም ይበዛል፤ ነገር ግን ጣሪያው የሚወርደው ቀስ በቀስ ስለሆነ ግማሽ ላይ አቁማችሁ ዙሪያውን እየዞራችሁ የወጣውን ሸራ ማስገባት ትችላላችሁ። ምንም የተደበቀ ነገር የለም። ሃይብሪዱ ፈጣን ነው፣ ስህተቱን ግን ይደብቃል።

ፍራሹንም አትርሱ። አንዳንድ ሃይብሪድ ፍራሹ አልጋው ላይ እንደታሰረ ይዘጋል፤ አንዳንዱ ፍራሹን አውጥቶ መሃል ወለሉ ላይ መደርደር ይጠይቃል፤ ያኔ ማታ ስትደርሱ መግቢያው በፍራሽ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። አንሶላና ብርድ ልብሱን አንጥፎ መዝጋት ይቻል እንደሆነም ጠይቁ፤ «ይቻላል» ካሉ የራሳችሁን ብርድ ልብስ ይዛችሁ ሄዳችሁ ሞክሩት።

ዝናብ፣ ትንፋሽና ብርድ

እርጥብ ሸራ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምረዋል። ሃይብሪዱ በዚህ ይሻላል፤ እርጥቡ ሸራ የሚያርፈው አልጋው ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ፍራሹን በላስቲክ ሸፍናችሁ ከዘጋችሁት ቤቱ ደረቅ ይሆናል፣ ቤታችሁ ስትደርሱም አንድ አልጋ ብቻ ከፍቶ ማናፈስ ይቻላል። ፖፕ አፕን ግን ለማድረቅ ሁሉንም መልሶ ማቆም ነው፣ ለዚያ የሚበቃ ቦታ ካላችሁ።

የሸራው ዓይነትም ይለያያል። ላስቲክ የተቀባው ጨርቅ ውሃ ጨርሶ አያሳልፍም፣ ነገር ግን አይተነፍስም። አንድ ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሽና በላብ አንድ ብርጭቆ የሚያህል ውሃ ያወጣል፤ ሁለት ሰው ከተኛበት ጠዋት ጣሪያው ላቡን ያንጠባጥባል፣ ገዢውም «አዲሱ ሸራዬ ያፈሳል» ይላል። የአክሪሊክ ሸራ ይተነፍሳል፣ ፀሐይንም ይችላል፣ ውድ ነው። የጥጥ ሸራ ካገኛችሁ ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት በውሃ አርሳችሁ አድርቁት፤ ክሩ ሲያብጥ የስፌቱ ቀዳዳ ይደፈናል። እርጥብ እያለ ከውስጥ በጣት አትንኩት፣ በነካችሁበት ያንጠባጥባል።

ብርድን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም፤ ሸራ ሸራ ነው። በሃይብሪዱ ማሞቂያው ጠንካራውን ክፍል ያሞቃል፣ አልጋው ጫፍ ላይ የተኛው ይበርደዋል። ሮክዉድ ሩ ላይ የሚሞቅ ፍራሽ አለ፣ ኤሌክትሪክ ካለ ይረዳል። ሸራው ላይ ከውጭ የሚደረብ የሚያብረቀርቅ ሽፋንም ይሸጣል፤ ሌሊት ሙቀት ይይዛል፣ ቀን ፀሐይ ይመልሳል፣ ሲነጋም ልጆቹ ሳይነቁ ያስተኛል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ የመጨረሻው ነው።

አንድ ነገር ግን ሃይብሪዱን ከፖፕ አፑ ጨርሶ ይለየዋል፦ አልጋዎቹን ሳይከፍቱ ማደር። ማታ በመንገድ ላይ ለአንድ ሌሊት የምታርፉ ከሆነ፣ ሶፋው አልጋ ይሆናል፣ በሮቹ እንደተዘጉ ይቀራሉ። ድብ በሚበዛበት አካባቢ ይህ ከምቾት ያልፋል። በአሜሪካው የሎውስቶን ፓርክ ፊሺንግ ብሪጅ የሚባለው ማረፊያ ጠንካራ ግድግዳ ላላቸው ተሳቢዎች ብቻ የተፈቀደ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ሃይብሪድ የሚወስድ ሰው ቀድሞ ደውሎ ይጠይቅ።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ልጆች ላሏቸው ጥንዶች፣ በተለይ በአንድ ጉዞ ብዙ ቦታ ለሚያድሩ፣ ዘንጉ ራሱ የሚነሳና ፍራሹ ታስሮ የሚዘጋ ሃይብሪድ ነው ምርጫዬ። መኪናቸው ትንሽ ለሆነ፣ ማቆሚያቸውም ጣሪያው ዝቅ ላለ ሰዎች ፖፕ አፕ ይሻላል፤ ሃይብሪድ በአብዛኛው ባዶውን ከ1,400 እስከ 2,300 ኪሎ ይመዝናል፣ ቁመቱም ተራ ጋራዥ አያስገባውም። ብቻውን ለሚጓዝና በየቀኑ ለሚነሳ ሰው ግን ሁለቱንም አልመክርም።

ያገለገለ ሃይብሪድ ከሆነ የምትገዙት፣ ችግሩ በአብዛኛው ያለው በአልጋው በር ሥር ነው። የበሩ ማሸጊያ ጎማ ሲደክም ውሃ ከታች ወደ ኮምፔርሳቶው ይገባል፣ ከላይ ያለው ወለል ግን አምሮ ይታያል። ጫማችሁን አውልቁና ከአልጋው በር ሥር ባለው ወለል ላይ፣ በተለይ ማዕዘኖቹ ጋ፣ በተረከዛችሁ ጫን ጫን አድርጉ፤ እንደ ስፖንጅ ከተመለሰ ትታችሁት ሂዱ። ቀጥሎ በሩ መሃል ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉትና ወረቀቱን ጎትቱ፤ ሳይያዝ ከወጣ ጎማው አልቆለታል። ሲመሽ ደግሞ አንዳችሁ ውስጥ ግቡ፣ ሌላው ከውጭ በባትሪ ዙሪያውን ያብራ። ብርሃን የገባበት ውሃም ይገባበታል፤ በምን ያህል ቀዳዳ እንደገባ ቆጥራችሁ ዋጋውን ተከራከሩ።