በሂርማታ አቅራቢያ ያለችው የአሮጌ መጻሕፍት መደብር

በጅማ ሂርማታ ገበያ አቅራቢያ ካለች ጠባብ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ባለፈው ሳምንት የአሜሪካዊውን የፖለቲካ ሰውና የሳይንስ ተመራማሪ የቤንጃሚን ፍራንክሊንን የሕይወት ታሪክ ገዛሁ። ሻጩ ወጣት ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት መጽሐፉን ገልጦ፣ «ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ቅጠል ተቀዷል፤ አይተው ይውሰዱ» አለኝ፤ ዋጋውንም ሳልጠይቀው ቀነሰልኝ። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ነጋዴ ሊመሰገን ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1706 በቦስተን የተወለደው ፍራንክሊን በ10 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ፣ በ12 ዓመቱ በወንድሙ ማተሚያ ቤት ሥራ ለመማር የገባ የሻማና ሳሙና ሠሪ ልጅ ሲሆን፣ በ1731 በፊላደልፊያ አባላት ገንዘብ አዋጥተው መጻሕፍት የሚዋሱበትን ቤተ መጻሕፍት አቋቋመ። ዕቁብና ዕድር ለምናውቅ ሰዎች ይህ ሐሳብ ቅርባችን ነው።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የማረከኝ ግን ስለ መብረቅ መከላከያው የተጻፈው ምዕራፍ ነው፤ ያነበብኩትም ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ነጎድጓዱም እያስተጋባ ባለበት ምሽት ነበር። ከጣሪያ በላይ የቆመ ሹል የብረት ዘንግ፣ እስከ መሬት በወረደ ሽቦ አማካይነት፣ የመብረቁን ኃይል ቤቱን ሳይጎዳ ወደ አፈር ይመራዋል። ፍራንክሊን ለዚህ ፈጠራው የባለቤትነት መብት አልጠየቀም።

በ1776 የአሜሪካን የነፃነት መግለጫ፣ በ1787 ደግሞ የአገሪቱን ሕገ መንግሥት መፈረሙ በአጭሩ ተተርኳል። ራሱ ባሪያዎች እንደነበሩት፣ በኋላ ግን በ1790፣ በሞተበት ዓመት፣ ባርነት እንዲቀር ለኮንግረስ አቤቱታ ማቅረቡን መጽሐፉ ሳይሸፋፍን በመናገሩ አክብሬዋለሁ።

መደብሯ ብርሃን ያንሳታል፤ መጻሕፍቱም በዓይነት አልተለዩምና ረጋ ብሎ ለመምረጥ ጠዋት መሄድ ይሻላል።