ስንዴ ገዝቶ ማስፈጨት ወይስ የታሸገ ዱቄት?

ደብረ ብርሃን ያሉ ወዳጆቼ ጥያቄያቸው አንድ ሆኗል። ሐኪም «ነጩን ዱቄት ቀንሱ፣ ሙሉ ስንዴ ብሉ» ይላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ «የቱን እንግዛ?» ብለው ይደውሉልኛል። መልሴን ላስቀድም፦ ስንዴውን ገዝታችሁ አስፈጩ። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ያለው የጅሩ ስንዴ ደጃችን ድረስ እየመጣ፣ «ሙሉ ስንዴ» ተብሎ ለተጻፈበት ላስቲክ ብር መጨመር አይዋጥልኝም።

ሂሳቡን እንየው። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የዕለቱን እናንተ ተኩበት። ስንዴው በኪሎ 70 ብር ነው እንበል። 25 ኪሎ 1,750 ብር መጣ። ተበጥሮና ተለቅሞ አንድ ኪሎ ቢጎድል 24 ይቀራል። ማስፈጫው በኪሎ 5 ብር ቢሆን 120 ብር። ጠቅላላው 1,870 ብር፣ ማለትም ዱቄቱ በኪሎ 78 ብር ገደማ ወጣ። የታሸገው 110 ቢሆን ለዚያው 24 ኪሎ 2,640 ብር ትከፍላላችሁ። ልዩነቱ 770 ብር ነው፤ የዘይት መግዣ ይሆናል። ደግሞ አዝመራ ሲገባ መግዛትና ክረምት ላይ መግዛት አንድ አይደለም።

ብሩስ ይሁን፤ የሚያናድደው ማጭበርበሩ ነው። አንድ ጊዜ የገዛሁት እሽግ ፉርኖ ላይ ፉርሽካ የተበተነበት ነበር። ለማወቅ በደቃቅ ወንፊት ንፉት። ከላይ ትልልቅ ገለባ ቀርቶ የሚያልፈው እንደ በረዶ ከነጣ ተጠራጠሩ። ከነገለባው የተፈጨ ስንዴ በወንፊት ያለፈውም ዳለቻ ነው። የዳቦ ቤት ዳቦ ቡናማ መሆኑም ማስረጃ አይሆንም፤ ቀለም ከሌላ ነገርም ይመጣል።

ማስፈጨትም የራሱ ጣጣ አለው። ስንዴውን ስትገዙ አንድ ፍሬ ንከሱ፤ ቀጭ ካላለ እርጥብ ነው፣ ለውሃ ነው የምትከፍሉት። የነቀዝ መድኃኒት የሚሸት ከሆነ ጥላችሁት ሂዱ። ወፍጮው በተወቀረ ማግስት ደግሞ ድርሽ አትበሉ፤ የድንጋይ ብናኝ እየበላችሁ ትከርማላችሁ። በርበሬ ከተፈጨበት ኋላ መግባትም የታወቀ ነው። ዱቄቱ ከወፍጮ ትኩሱን ስለሚወጣ ቤት ስትደርሱ አናፍሱት። ትኩሱን ከቋጠራችሁት ያልበዋል፣ ይሻግታል። የስንዴው ፅንስ፣ ማለትም ቡቃያው የሚወጣበት ክፍል፣ ዘይት ስላለው ዱቄቱ ቶሎ ይከረፋል፤ ስለዚህ ስንዴውን በብዛት ግዙ፣ የምታስፈጩት ግን የወሩን ብቻ።

ነጩ ፉርኖ ገለባውና ፅንሱ ወጥቶለታል። 100 ግራም ሙሉ ስንዴ ከ10 ግራም በላይ አሰር (ፋይበር) ሲኖረው፣ ፉርኖው 3 ግራም ገደማ ነው ያለው። ማግኒዚየሙ፣ ዚንኩና አብዛኛው ቫይታሚን ቢም የሚሄዱት ከገለባውና ከፅንሱ ጋር ነው። ያ ሁሉ ፉርሽካ ተብሎ ለከብት ይሸጣል። ላሞቹ ከእኛ የተሻለ እየበሉ ነው እኮ! ሙሉ እህል የሚያዘወትሩ ሰዎች በልብ ሕመምና በሁለተኛው ዓይነት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው አነስ ያለ እንደሆነ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ስኳር ያለበት ሰው ግን «ሙሉ ስንዴ ነው» ብሎ ድፎውን እንዳሻው አይቁረስ። የላመ ዱቄት የደም ስኳርን በፍጥነት ከፍ ያደርጋል፤ ለእሱ ቂንጬና ንፍሮ ይሻሉታል። ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን የማይስማማው ደግሞ ሙሉም ይሁን ነጭ ስንዴ አይሆነውም።

ቂንጬ ለማብሰል ወፍጮ ቤት «ሽርክት አድርግልኝ» በሉ፤ የታሸገው ቂንጬ ዋጋ ያስቃል። ለድፎ ውሃ ከፉርኖው ትንሽ ጨምሩ፣ ገለባው ይጠጣል። በእርሾ አሳድሩት፤ ማቡካቱ ብረትና ዚንኩ ለሰውነት እንዲገኝ ይረዳል። በደብረ ብርሃን ብርድ ሊጡ ቶሎ አይነሳም፣ እቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ቂጣና ጨጨብሳ ላይማ ጣዕሙን ማወዳደርም አያስፈልግም። ገንፎው ብቻ ከበድ ይላል፤ ልጆች ካልወደዱት ግማሽ ገብስ ቀላቅሉ።

የታሸገውን የምመክረው ወፍጮ ለራቀው፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻውን ለሚኖርና በወር ሁለት ኪሎ ለማይጨርስ ሰው ነው። እሱም ቢሆን የተመረተበትን ቀን አይቶ ይግዛና ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጠው። ኬክ ለሚጋግር ግን ክርክር የለኝም፣ ፉርኖውን ይግዛ።