አሮጌዋን ሪል ማሠራት ወይስ አዲስ መግዛት?

«ያቺ የአባቴ የዓሣ ማጥመጃ ሪል (የክር መጠቅለያዋ) ፍሬኗ አልይዝ አለኝ። ልጣላት ወይስ ላሠራት?» ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ጓደኛ አንድ አይደለም። መልሴ ሁሌም ያው ነው፦ አሠራት።

አሮጌ ነገር ስለምወድ አይደለም። ከፍዬ የተማርኩት ስለሆነ ነው። የእኔም ሪል ፍሬን፣ ማለትም ዓሣው ሲጎትት ክሩን በልክ እየያዘ የሚለቀው ክፍል፣ መንሸራተት ሲጀምር ተሰላችቼ በርካሽ አዲስ ገዛሁ። ያብረቀርቃል፤ ካርቶኑ ላይ የኩሽኔታው ብዛት በትልቁ ተጽፎበታል። በአራተኛው ወር ከበድ ያለ ዓሣ ሲይዝ ውስጡ «ቀጭ ቀጭ» አለ። ስከፍተው የዋናው ጊር ጥርሶች ተበልተው ልሙጥ ሆነዋል። መለዋወጫ ብዬ ሻጩን ስጠይቀው «ሌላ ግዛ» አለኝ። አለቀ።

አሁን ሂሳቡን እንየው። ለአሮጌዋ የፍሬን ሮንዴላዎች፣ እጀታው ወደ ኋላ እንዳይዞር የምታግድ አንድ ምላስ፣ አንድ ሞላና ግሪስ ገዛሁ። ሁሉም ተደምሮ ለዚያ ርካሽ አዲስ ካወጣሁት ግማሹን አልሞላም። ደህና ከሚባል አዲስ ሪል አጠገብ ሲቀመጥማ ኢምንት ነው። የእጅ ዋጋ አልከፈልኩም፤ ሠሪው እኔው ነኝ። ሰው ጋ ከወሰዳችኋት ግን ሂሳቡ ይለወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሯት።

አብዛኛው ችግር ሳይከፈት ይታወቃል። እጀታው ወደ ኋላ የሚዞር ከሆነ፣ ያንን የምታግደው ትንሽዬ ምላስ አልቃለች ወይም ሞላዋ ተሰብሯል። ፍሬኑን የሚያጠብቀውን ኮከብ መሰል ማዞሪያ እስከ መጨረሻ አጥብቃችሁም እጀታው ብቻውን ከዞረ፣ ጥርጣሬያችሁን መጀመሪያ ሮንዴላዎቹ ላይ አድርጉ። ክሩን እየያዘ እየለቀቀ በንዝረት የሚሰጥ ከሆነም እነሱው ናቸው። ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ በነፃ አልሽከረከር ካለ ግን ገንዘብ አታውጡ። ብዙ ጊዜ የደረቀ ግሪስ ነው፣ ወይም የጎኑ ማስተካከያ ከልክ በላይ ጠብቋል።

የእኔን የከፈትኳት ነጭ ፎጣ ላይ ነው። የምላሷ ሞላ ከጥፍር ቁራጭ ብዙም አትበልጥም፤ ክዳኑ ሲነሳ ተስፈንጥራ ትጠፋለች። የመጀመሪያዋን ወለል ላይ በባትሪ ስፈልግ አምሽቼ አላገኘኋትም። የናሱ ጊር አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበር። ኮምጣጤ በነካ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት፣ ወዲያው በውኃ አለቀለቅኩት፣ ለቀቀ። ከጊሩ ሆድ ሮንዴላዎቹ ወጡ፤ አንድ ለስላሳ፣ አንድ ብረት፣ እየተደራረቡ። ለስላሶቹ ከቆዳ የተሠሩ ናቸው። እንደ ደረቅ ቅጠል እጄ ላይ ተሰባበሩ። በካርቦን ተክቼ ለፍሬን የተሠራውን ግሪስ በስሱ ቀባኋቸው። ተራ ዘይት እዚያ ውስጥ አታስገቡ፤ አንዴ ከጠጣ ፍሬኑ መያዙን እርሱት። ስትገጥሙ ደግሞ ብሎኖቹን በአንዴ አታጥብቁ፤ በትንሽ በትንሹ፣ ከትይዩው እያፈራረቃችሁ።

ሁለተኛው ምርጫ መለዋወጫው ላይ ነው፤ ኦሪጅናል ወይስ ፎርጅድ? እዚህም ተሞኝቻለሁ። መጀመሪያ የገዛኋት ምላስ በኦሪጅናሏ ሲሶ ዋጋ ነበረች። ጥቂት ሳምንት ሳትቆይ ጫፏ ድቡልቡል ሆኖ እጀታው ወደ ኋላ ዞሮ ጣቴን መታኝ። «ካርቦን» ተብለው የተሸጡልኝ ሮንዴላዎችም በጥፍር ስፋቃቸው ጥቁር ቀለም ለቀቁ። ወረቀት ነገር ናቸው። ኦሪጅናሎቹን መብራት ስር ስይዛቸው የተሸመነ ጨርቅ የሚመስል ጥለት አየሁባቸው። ዋናውን ጊር ስትቀይሩም አብሮት የሚዞረውን ትንሹን ጊር አብራችሁ ቀይሩ። አዲስ ጥርስ ከተበላ ጥርስ ጋር አይስማማም።

ኦሪጅናል የሚገኘው ለሁሉም ሪል አይደለም፤ ለዚህ ነው ፔን ለተባለው የአሜሪካ ሪል ሠሪ የማደላው። ድርጅቱ ፊላደልፊያ ውስጥ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው፤ ሴናተር የተባለችው ሪሉ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1936። መለዋወጫዎቹ ቁጥር አላቸው፦ መጀመሪያ የዕቃው ዓይነት፣ ቀጥሎ የሪሏ ሞዴል። 5-113 ማለት የ113 ሴናተር ዋና ጊር ነው፤ 13-113 ደግሞ ትንሹ ጊር። ቁጥሩን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ማንም «ይሄም ይገጥማል» ብሎ አይሸውዳችሁም።

አዲስ ግዙ የምልበት ጊዜም አለ። ፍሬሟ ከተጣመመች አትልፉ። በፍጥነት መጠቅለል የግድ ከሆነባችሁም አዲሶቹ ይሻላሉ፤ ብዙዎቹ አሮጌዎች ቀርፋፋ ናቸው። የፕላስቲክ ማጠንጠኛ ያላት ከሆነች ደግሞ ጠብቆ የተጠቀለለ ናይለን ጨምቆ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ በብረት ማጠንጠኛ መቀየር ካልተቻለ ተዋት።

የጎን ክዳኗ ከተሰነጠቀ ግን ማስቲሽ ላይ ጊዜ አታጥፉ፣ አዲስ ክዳንም ለብቻው አትግዙ። ያው ሞዴል የሆነች የተበላሸች ሪል ፈልጉ። ሙሉዋ ሬሳ ከአንድ ክዳን ረክሳ አግኝቻታለሁ፤ ሁለት ደህና ብሎንና አንድ እጀታም በላይዋ ተረፈኝ። ቀለሙ ስላልገጠመ የእኔ ሪል ዛሬ አንድ ጎኗ ቀይ፣ አንድ ጎኗ ጥቁር ነው።