ቢጫው 830 ቴስተር ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ዕቃው ዲቲ 830ዲ የሚባለው ቢጫ፣ ኪስ የሚገባ ዲጂታል ቴስተር (የቮልት፣ የአምፕና የኦም መለኪያ) ነው። በእነዚህ ስምንት ወራት ማዞሪያው በብዛት የቆመው 750 ኤሲ (የሶኬት ቮልት)፣ 20 ዲሲ (የባትሪና የሶላር ቮልት) እና 200 ኦም (የሽቦ መቋቋም) ላይ ነው፤ ጎንደር ውስጥ የምጣድ፣ የሶኬትና የሶላር ሥራ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ለዲሲና ለኦም ከዋጋው በላይ ይሠራል። የኤሲ ቁጥሩን ግን እንደ ግምት መያዝ ነው የሚሻለው።

ምክንያቱ ያለው ውስጡ ነው። ቺፑ በራሱ የሚያውቀው 200 ሚሊቮልት ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የመጣ ቮልት በሬዚስተሮች ተከፋፍሎ ይደርሰዋል። ቺፑ በሚለካው ቮልት አንድ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ክፍል) ለተወሰነ ጊዜ ይሞላል፤ ከዚያ በሚያውቀው ሪፈረንስ ቮልት ባዶ እስኪሆን ስንት ምት እንደፈጀ ይቆጥራል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ያ ቆጠራ ነው፤ ከ1999 አያልፍም። አምፕ ሲለካም የሚያየው ቮልት ነው፦ ከ10 አምፕ ቀዳዳ ጀርባ 0.01 ኦም የሆነ ወፍራም ሽቦ አለ፣ እሱ ላይ የሚወድቀውን ይለካል። ኤሲ ሲሆን አንድ ዳዮድ የሞገዱን ግማሽ ብቻ ያሳልፋል፤ አማካዩ በ2.22 ተባዝቶ ይታያል። ይህ ስሌት ልክ የሚመጣው ለንጹሕ ሳይን ሞገድ፣ ማለትም እንደ መስመር መብራት ለስላሳ ለሆነው ብቻ ነው።

ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የሚነሳውን ርካሽ ኢንቨርተር (የባትሪን ዲሲ ወደ ኤሲ የሚቀይረውን) በዚህ ለክቶ መፍረድ አይቻልም። ጫፉ 311 ቮልት ሆኖ ግማሹን ጊዜ ዜሮ ላይ የሚቆም ሞገድ ትክክለኛ ውጤታማ ቮልቱ 220 ነው፤ ይህ ቴስተር ግን 172 ገደማ ይላል። ኢንቨርተሩ ጤነኛ ነው። የ12 ቮልት ባትሪ በስህተት ኤሲ ላይ ብትለኩ ደግሞ በአንድ በኩል 26 ወይም 27፣ ገመዱን ስታገላብጡ ዜሮ ታያላችሁ።

የሶኬቱም ቁጥር ቢሆን ልቅ ነው። አብሮት የሚመጣው ወረቀት ለኤሲ 1.2 በመቶ ሲደመር 10 አሃዝ ስህተት ይፈቅዳል። 750 ላይ አንድ አሃዝ አንድ ቮልት ነውና 220 ሲል እውነቱ ከ207 እስከ 233 የትም ሊሆን ይችላል። በ10 ቮልት ልዩነት ስታብላይዘር ተበላሸ ማለት አያስኬድም።

ምጣድ ላይ ግን ይህን ቴስተር የሚተካ የለም። 3500 ዋት ምጣድ 16 አምፕ ገደማ ይስባል፤ 10 አምፕ ቀዳዳው አይችለውም፣ ፊውዝም የለውም። ስለዚህ የሚለካው በኦም ነው፦ ምጣዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ ይቀዝቅዝ፣ ማዞሪያውን 200 ኦም ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች አገናኙ፤ የገመዶቹ ብቻ 0.6 ያህል ይወጣል። ቀጥሎ የምጣዱን ሶኬት ሁለት እግሮች ለኩ። 14.4 ካለ፣ 0.6 ሲቀነስ 13.8 ኦም ነው፤ 220 በ220 ተባዝቶ ለ13.8 ሲካፈል 3507 ዋት ይሰጣል፣ ልክ ነው። ሁለት ጥቅልል በፓራለል የታሰረበት ምጣድ 27 ወይም 28 ካሳየ አንዱ ተበጥሷል፤ እንጀራው በአንድ ወገን ጥሬ የሚወጣውም ለዚህ ነው። በስተግራ 1 ብቻ ከቀረ ሽቦው ወይም ገመዱ ተቆርጧል።

ከዚያ ምጣዱ ወደ ብረቱ ኤሌክትሪክ እንደሚያፈስ ለማየት፣ ማዞሪያውን 2000ኬ ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ በሶኬቱ እግር፣ ሌላውን በምጣዱ ብረት ላይ አሳርፉ። 1 ማለት አለበት፣ ይኸውም ግንኙነት የለም ነው። በክረምት ሸክላው እርጥበት ስቦ ጥቂት መቶ ኪሎ ኦም ቢያሳይ አድርቃችሁ ድገሙት። የጫፎቹን ብረት በሁለት እጅ አትያዙ፤ የሰውነታችሁን ኦም ነው የሚቆጥረው። 1 ማለቱም ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ ቴስተሩ የሚልከው ከ3 ቮልት ያነሰ ስለሆነ በ220 ብቻ የሚያፈስ ምጣድ ያልፈዋል።

ለሶላር 10 አምፕ ቀዳዳው ይሆናል። ጥሩ ፀሐይ ላይ 50 ዋት ፓኔል ያለ ጭነት 21 ቮልት ገደማ፣ ሁለት ጫፉ ሲገናኝ 3 አምፕ ገደማ ይሰጣል፤ ከ15 ሴኮንድ በላይ አታቆዩት። ከዚያ ወዲያውኑ ቀዩን ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳው መልሱ። ቀዩ እዚያው እንዳለ ሶኬት መለካት ፌዝና ኒውትራልን በወፍራም ሽቦ እንደ ማገናኘት ነው፤ ጫፉ ይቀልጣል፣ እጅም ይቃጠላል።

ሌላ ብዙ ሰው የማያየው ነገር፦ የመለኪያዎች የደኅንነት ደረጃ በተለምዶ የሚሰላው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ነው። ጎንደር ከዚያ ትበልጣለች። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል፤ ከ2000 እስከ 3000 ሜትር ባለው ከፍታ በክፍሎች መካከል ያለው ርቀት 1.14 እጥፍ እንዲሆን መስፈርቱ ይጠይቃል። በዚህ ቴስተር ውስጥ መጀመሪያውኑም የተረፈ ርቀት ስለሌለ፣ ቆጣሪና ዋና ብሬከር ላይ ባይወጣ ይመረጣል።

ያረጀው ምንድን ነው? አንደኛ ገመዶቹ፣ ከመሰኪያው ሥር። እየለኩ ሲያወዛውዙት ቁጥሩ ከዘለለ ውስጡ ተበጥሷል፤ ወፈር ባለ ሲሊኮን ገመድ ቀይሩት። የ9 ቮልት ድንጋዩ ሲደክም ሪፈረንሱ ስለሚወርድ ቴስተሩ ከእውነቱ በላይ ማሳየት ይጀምራል፦ የመኪና ባትሪ 14 ካለና ሞተሩ ካልተነሳ መጀመሪያ ድንጋዩን ጠርጥሩ። ማዞሪያውም ሲነካ ቁጥሩ ይዋልላል፤ ከኋላ ብሎኖቹን ፈትቶ የመዳብ መስመሮቹን በአልኮል ማጽዳት ይበቃል። ማዞሪያውን ስታወጡ ግን ጨርቅ አንጥፉ፤ ከሥሩ ሁለት ጥቃቅን የብረት ኳሶች ከነስፕሪንጋቸው ይፈናጠራሉ፣ ያለ እነሱ ማዞሪያው ቦታው ላይ አይቆምም።